ኮተቤ ላይ በሳፋ የተነከረው ጎማ

«እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሽ ቤት ከምትቆዝሚ ንጹሕ አየር ሳቢ» ብላ ልጄ ሜላት በመኪናዋ እንጦጦ ፓርክ ወሰደችኝ። አየሩ ምንም አይወጣለትም። እኔ በወጣትነቴ ከኮተቤ በእግሬ እየወጣሁ በነፃ ስስበው የነበረው ያው የባሕር ዛፍ አየር ነው፤ ልዩነቱ አሁን አጥርና ዘበኛ ተደርጎለታል። በአንድ በኩል ብስክሌት የሚከራይበት ቦታ አለ። ቆም ብዬ የሚከራዩትን ወጣቶች አየኋቸው። ሄልሜት፣ የጉልበት መከላከያ፣ ጓንት፣ ጥቁር መነጽር፣ በጀርባ የሚታዘል የውኃ ከረጢት። ጦር ሜዳ የሚዘምት ሰው እንኳ እንዲህ አይታጠቅም። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚነዱት ከአንድ መታጠፊያ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ነው። እዚያ ሲደርሱ ይወርዳሉ፣ ብስክሌቱን ዛፍ ያስደግፋሉ፣ ያላላበውን ግንባራቸውን እየጠረጉ ፎቶ ይነሣሉ። አንዷማ ጭራሽ ሳትወጣበት ነው የተነሣችው። ልስቅ ስል፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ የተነፈሰ የጎማ ከመነዳሪ ሲለጥፍ የማስቲሹ ሽታ መጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። ማስቲሽ በሸተተኝ ቁጥር ግርማ ይመጣብኛል፤ ግርማ ሲመጣብኝ ደግሞ ከንፈሬ ሳላዘው ይጣመማል።

ግርማ እጮኛዬ ነበር። ዘመኑ መንግሥት ተለውጦ አዲሶቹ ሰዎች ወንበሩን ገና በማሞቅ ላይ የነበሩበት ነው፤ ዓመቱን አልናገርም፣ ዕድሜዬን ትቆጥሩብኛላችሁ። ዳቦ በስሙኒ ይገዛ ነበር። ልባሽ ጨርቅ ሰልቫጅ ተብሎ ክብር ያገኘበት፣ ሰፊ ጂንስ ከረጅም ሹራብ ጋር የለበሰ ሁሉ ፈረንጅ አገር ደርሶ የመጣ የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚመጣው ሚኒባስ ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ እንዲያም ሆኖ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይለናል። እኛ ሰፈር መታጠፊያው ላይ የዘፈን ካሴት ቤትና የመዝሙር ካሴት ቤት ፊት ለፊት ነበሩ፤ ሁለቱም ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ስለሚለቁት በመሃል የሚያልፍ ሰው በአንድ ጆሮው ይጨፍራል፣ በሌላው ንስሐ ይገባል። እኔ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ እዘምራለሁ። ግርማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፣ ቴነርም ይዘምራል። ጥቁር፣ ከባድ፣ የቻይና ብስክሌት ነበረው። ጎማው በየሳምንቱ ይተነፍሳል። እሱ ሲለጥፍ እኔ ማስቲሹን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። ፍቅራችን በአመዛኙ ይኸው ነበር።

ከግርማ አፍ አገር በብስክሌት ከማቋረጥ ሌላ ወሬ አይወጣም። የፈረንጆች ቤተ መጻሕፍት እየሄደ የቆየ መጽሔት ያገላብጥና ልምምድ ላይ መጥቶ ይተርክልናል። አሜሪካኖቹ ከፓሲፊክ ተነሥተው፣ ተራራውን ወጥተው፣ የስንዴውን አገር ጨርሰው አትላንቲክ ይወጣሉ ይለናል። አውስትራሊያ ላይ መንገዱ ቀኑን ሙሉ ሳይታጠፍ ይሄዳል፣ ዛፍ የሚባል የለም ይለናል። እንግሊዞችም ከባሕር እስከ ባሕር የሚሉት አላቸው ሲል አንድ ቀን ካርታውን ተቀብዬ በጣቴ ብለካው ከኛ ደሴ እንኳ የማያደርስ ሆኖ አገኘሁት። ያንን ያህል መንገድ የኛ አገር የጭነት መኪና ረዳት እያዛጋ ነው የሚያልፈው። እነሱ ግን አገራቸውን ጨርሰው ሌላኛው ባሕር ሲደርሱ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ አሉ! ግርማ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ልማዳቸውን ነበር። ሲነሡ የኋላ ጎማቸውን ከመነሻው ባሕር ይነክራሉ፤ ሲደርሱ የፊተኛውን ከመድረሻው ይነክራሉ። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔ መንከር የማውቀው የቆሸሸ ልብስ ነው። ሰው ሥራ ሲያጣ ጎማ ይነክራል እል ነበር በልቤ። አገራችን ደግሞ በዚያው ሰሞን ባሕር የሚባለውን ለሌላ አስረክባ ባዶ እጇን ቀርታለች፤ ይህም ለሰውየው ተጨማሪ ቁጭት ሆነለት። አንድ ቅዳሜ መዘምራኑ ፊት ቆመና፣ «ከአሰብ ተነሥቼ፣ በሱዳን በቻድ አድርጌ አትላንቲክ እወጣለሁ። አፍሪካን ከባሕር እስከ ባሕር!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ «አስኒ፣ የፊት ጎማዬን አትላንቲክ ነክሬ በተመለስኩ ማግስት እንጋባለን» አለኝ። አባቴ ሽማግሌ ተቀብለው፣ ቀለበት አስረን፣ የቀረን ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። እንግዲህ የሠርጌ ቀን በአንድ የቻይና ጎማ ላይ ተንጠለጠለ።

እኛ ኮተቤዎች ሰው ስንሸኝ ልክ አናውቅም። ሰውየው ቪዛ ይኑረው አይኑረው የጠየቀ የለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጠረ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ መዘምራን ዩኒፎርም ለበስን። ብስክሌቱን ጽሑፍ ጸሐፊ ጠርተን በነጭ ቀለም «ከባሕር እስከ ባሕር» አስጽፈንበታል። ኮርቻውን እኔ በኪሮሽ በሠራሁት ቀይ ሽፋን አለበስኩት። እናቱ እማማ ወርቄ አጭር፣ ቀጭን፣ ባላቸውን ቀብረው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ግርማ ስለ ጎማ መንከሩ ለሕዝቡ ሲያስረዳ ከመቀመጫቸው ተነሡና፣ «እኛስ አሰብ ወርደን አናየው! የኋላውን እዚሁ በፊታችን ንከረው» አሉ። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ ሄደው ሰማያዊውን የልብስ ማጠቢያ ሳፏቸውን ውኃ ሞልተው በሰው አሸክመው መጡ። ወንጌላዊው፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የቧንቧ ውኃ ነው» አሉ። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ባለቤት፣ ሽኝት ሊያዩ የመጡት ሐጂ ከድር፣ «ጨው ነው የጎደለው፣ ሌላ ምንም የለውም» ብለው ሄደው ጨው በወረቀት ይዘው መጡና አራገፉበት። በመጥረጊያ እንጨት ተማሰለ። ወንጌላዊው ውኃው ላይ ጸለዩ። አራት ወንዶች ብስክሌቱን አንሥተው የኋላ ጎማውን ሳፋው ውስጥ ሲነክሩ ዕልልታው ቀለጠ። እማማ ወርቄ ልጃቸውን ስመው፣ «የዚያኛውን ባሕር ደግሞ በጠርሙስ አምጣልኝ፣ ሳልሞት ልየው» አሉት። ጥፋቱ ይኸው ነው። የኋላ ጎማው ርሶ፣ የፊተኛው ደርቆ፣ በዚያ ሁሉ ዕልልታ የተሸኘ ሰው እንግዲህ እንዴት ብሎ ቤቱ ይመለሳል? ግርማ በካራ በኩል ሽቅብ እየገፋ ሄደ። ጨዋማው ውኃ አስፋልቱ ላይ ቀጭን መስመር ትቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲያልፍበት ጠፋ።

ከዚያ ወሬው በስልክ ሆነ። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው ሐጂ ከድር ሱቅ ነው። «ወይዘሮ ወርቄ፣ ልጅዎ ከሱዳን!» ተብሎ ሲላክባቸው እማማ ወርቄ ነጠላቸውን እያጣፉ ይሮጣሉ፣ እኛም እንከተላለን። ግርማ ከዚያኛው ወገን፣ «በረሃው ፈጀኝ!» ይልና ያስነጥሳል። እማማ ወርቄ መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ቻለው ልጄ! ልብስህን ደራርብ!» ብለው ይጮኻሉ። እንስቃለን። ሰሃራ ላይ ልብስ ደርብ የምትል እናት እያልን እንስቃለን። ረቡዕ ረቡዕ የጸሎቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሎ ወንጌላዊው ስፒል እየሰኩ ያስጸልዩናል። ስለ አሸዋው ማዕበል ጸለይን፤ ስለ ወባው ጸለይን፤ ስለ ሽፍታው ጾምን። የመኪና መንገድ ያለበትን ከሌለበት የሚለይ አንድም ሰው መካከላችን አልነበረም፤ ቢኖርም ዝም ብሏል። እኔ በመሥሪያ ቤት ሴቶቹ፣ «እጮኛሽ የት ደረሰ?» ሲሉኝ፣ «ቻድ ገብቷል» እላለሁ፣ አንገቴንም ቀና አደርጋለሁ። የሙሽራ ልብሴ ጨርቅ ተገዝቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አባቴ ግን ወንጌላዊውም ካርታውም አልገባቸውም። «እና ይሄ ውቅያኖስ መቼ ነው የሚደረሰው?» ይሉኛል በየጊዜው። ክረምቱ መጣ፣ ክረምቱ ወጣ።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ስታገባ ለሠርጓ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመኪና ወርጄ ዋናውን መንገድ ሳቋርጥ አንድ ሰው ኩንታል ገብስ ብስክሌት ላይ ጭኖ እየገፋ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን የኪሮሽ ሽፋን ነው። እጄ የሠራውን አላጣውም። ቀጥሎ ከገብሱ ሥር «ከባሕር እስከ» የሚለውን አነበብኩ፤ የቀረውን ኩንታሉ ሸፍኖታል።

«የማን ነው ይሄ?» አልኩት ሰውየውን።

«የጋሽ ግርማ። በሰዓት ያከራያል።»

«የት ነው ያለው?»

«እዚያ፣ አክስቱ ቤት። ገበያውን ታጥፈሽ...» ብሎ ሊመራኝ ሲል እኔ ሄጃለሁ፤ አክስትየውን በሽኝቱ ቀን አውቃቸዋለሁና ሰው እየጠየቅሁ ቤታቸውን አገኘሁት። ግርማ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የገብስ ቆሎ ይቆረጥማል። ጉንጩ ሞልቷል። ሲያየኝ ቆሎው ከእጁ ፈሰሰ።

«ቻድ ይበርዳል እንዴ?» አልኩት።

አለቀሰ። ከዚያ ነገረኝ። በኮተቤ ዕልልታ ደብረ ብርሃን ደርሷል፣ ደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ድረስ ገፍቷል። «ዋሻውን አልፌ ቆላውን ቁልቁል አየሁት» አለኝ። «መውረዱን አልፈራሁም፣ አስኒ። መመለሻው ነው የታየኝ።» እውነቱን ልናገር፤ እዚህ ላይ አልናቅሁትም። ያንን ቁልቁለት አይቶ መመለሻውን ማሰብ የጤነኛ ሰው ሐሳብ ነው። በሕይወቱ የተናገራት ብቸኛዋ አስተዋይ ቃል ሳትሆን አትቀርም። አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ «ተነሥ፣ ልብስህን ልበስ» አልኩት። «አሁን አብረን እንሂድ። ላምበረት ወርደን፣ ብስክሌቱን መሃል አድርገን በእግራችን ኮተቤ እንግባ።»

«ሰዉስ?»

«ይስቃል። ሲደክመው ይተዋል። ግማሹን ሳቅ እኔ እወስድልሃለሁ።»

«አልችልም።»

«ሠርጋችንስ ታዲያ?»

ቀና ብሎ በሚያሳዝን ዓይን አየኝ። «ውቅያኖስ ሳልነካ እንዴት እናገባለን፣ አስኒ? ቃል ገብቼ እኮ ነው!»

እዚህ ላይ ናቅሁት። ሱዳን አልገባም፤ ወደ ፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ፤ ግን ቃሉን ያከብራል! ለእኔ የቀረልኝ እንግዲህ ሰውየው የማይነካውን ውቅያኖስ እስኪነካ ከሙሽራ ጨርቄ ጋር ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ነው። ሰው ሲስቅበት ከመስማት እኔን ማጣት ቀለለው። ወንድ ልጅ ሲፈራ አይቻለሁ፤ አባቴም በሕመማቸው ጊዜ ፈርተዋል፤ አልናቅኋቸውም። ሳቅ ፈርቶ ብርድ ልብስ ውስጥ የተደበቀ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ልሄድ ስነሣ ቀሚሴን ያዘና፣ «እማዬ እንዳትሰማ፣ ትሞትብኛለች» አለኝ።

ሠርጉንም አልበላሁ። ስመለስ መኪናው ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእናቱ ልናገር፣ ረቡዕም ካርታው ፊት ቆሜ ስፒሎቹን ነቃቅዬ ላስረዳ። ከሰሜን የሚመጣው መኪና ኮተቤን አልፎ ላምበረት ነው የሚያራግፈው። ያን ጊዜ መናኸሪያው አልተሠራም፤ መንገዱ ዳር መኪኖች ይቆማሉ፣ ተሸካሚዎች ይጣላሉ፣ ረዳቶች የአገር ስም ይጠራሉ። ወርጄ ቦርሳዬን ስፈልግ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና በር ላይ አንዲት አጭር ሴት በጨርቅ የተቋጠረ ዕቃ ለረዳቱ ሲሰጡ አየሁ። «ለእህቴ ቤት ነው፣ እንዳይሰበር አደራ» ይሉታል። እማማ ወርቄ ናቸው። ዞር ሲሉ ተገጣጠምን። እኔን አዩኝ፣ የወረድኩበትን መኪና አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ።

«አየሽው?» አሉኝ።

«አየሁት፣ እማማ።»

«ወፍሯል?»

«ወፍሯል።»

«እሰይ» አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ለካ በሁለተኛው ሳምንት ሰምተዋል። «የተደበቀው እኮ የእኔ እህት ቤት ነው!» አሉኝ፤ ሳቅም ቁጣም ነበረባቸው። «ካገሩ ሁሉ መርጦ! ይሄን ያህል ነው ልጄ ጮሌነቱ።» ልብስ ደርብ ያሉት ለሰሃራ አልነበረም።

«ታዲያ እማማ፣ ያ ሁሉ ሰው በየረቡዑ ሲጸልይ፣ ስለ ሽፍታው ስንጾም ዝም አሉ?»

«እኔ አልዋሸሁም። ስለ ልጄ መንገድ ጸልዩልኝ ነው ያልኩት። ከደብረ ብርሃን ኮተቤም መንገድ ነው። ከሁሉ የከበደው እሱ ነው።»

«ያ ቋጠሮስ?»

«ሹራብና ቅቤ ነው። ጠርሙስም አለው። ባዶ ጠርሙስ። ጨው እዚያም አይጠፋም።»

መናገር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። አልለመኑኝም፤ ቢለምኑኝ ይሻለኝ ነበር። «መናገር ትችያለሽ» አሉ። «እውነት ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ግን የተናገርሽ ዕለት ልጄ እዚያው ያረጃል፤ እኔም ሳላየው እሄዳለሁ። ዝም ካልሽ ይመጣል። አንቺን ግን አላስርሽም፣ የኔ ልጅ። እሱን ለእኔ ስጪኝና ራስሽን ውሰጂ። ላባትሽ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ሻዬ ቀዘቀዘ። እሺ አልኳቸው። ለግርማ ብዬ አይደለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጃቸው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጥርት አድርገው እያወቁ ጠርሙስ አጥበው ለሚልኩት ለእሳቸው ነው።

መጣ። ጢሙን አሳድጎ፣ ፊቱን ፀሐይ ላይ አጥቁሮ፣ ሹራቡን ቦርሳ ውስጥ ደብቆ፣ ቁልቁል ከካራ በኩል በፍሬን እየወረደ መጣ። ኮተቤ ተነቅሎ ወጣ። መዘምራን ዘመርን፤ እኔም ዘመርኩ። ከዚያ ጠርሙሱን ከቦርሳው አወጣ። አረንጓዴ ጠርሙስ ነው። እማማ ወርቄ ተቀብለው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና አለቀሱ፤ እንባው የእውነት ነበር። አጠገባቸው ነበርኩና እኔም አየሁት። ታች፣ ከጠርሙሱ መቀመጫ ላይ፣ ጨው ጥቅጥቅ ብሎ ተኝቷል። አላማሰለውም! እናቱ ሳፋ ሙሉ ባሕር በመጥረጊያ እንጨት አማስለው ሠርተውለት፣ እሱ ለአንዲት ጠርሙስ ውቅያኖስ እጁን ማንቀሳቀስ ሰነፈ። ሐጂ ከድር ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ግርማን አዩትና፣ «ጨው ነው» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን ቤታችን መጣ፤ በሙሉ ልብስ፣ ከረባት አስሮ። «ይኸው ነካሁት፣ አስኒ። ቀኑን እንቁረጥ» አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። አይቀልድም። በብርድ ልብስ ያገኘሁት እኔ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት እኔ፣ ለእኔ ነው የሚለው። ራሱን አሳምኖ ጨርሷል፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ቀለበቱን አውልቄ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና፣ «ሂድና ውቅያኖስህን አማስለው፤ ጨዉ አልሟሟም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ኮተቤ ውስጥ የተባልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አፍሪካን አቋርጦላት የመጣውን ጀግና ከዳችው ተባልኩ። ሌላ ወዳ ነው ተባልኩ። መዘምራን ውስጥ ከአጠገቤ የሚቆም ጠፋ። የሱን ሳቅ ግማሽ እወስዳለሁ ብዬው ነበር፤ ሐሜቱን ግን ሙሉውን ወሰድኩ። አፌን አልከፈትኩም። በኋላ የሜላትን አባት አገባሁ፤ ነፍሱን ይማርና፣ ብስክሌት ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ አቃቂ ሲሄድ አቃቂ ነው የምሄደው የሚል፣ አቃቂም የሚገኝ ሰው ነበር። ግርማ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ስለ ውቅያኖስ ንግግር እያደረገ ኖረ። እማማ ወርቄ ያቺን ጠርሙስ ቡፌያቸው ላይ አስቀምጠው ዓመታት ቆዩ። ሊሞቱ ሲሉ አስጠሩኝና በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «አንቺ ውሰጃት፣ እሱ ዘንድ ከቀረች ሲያወራባት ይኖራል» አሉኝ። ቤቴ ወስጄ ጓዳ አስቀመጥኳት።

ይህን ሁሉ እንጦጦ ላይ ማስቲሽ እያሸተትኩ ሳስብ ሜላት ሮጣ መጣች። «እማዬ ነይ! አፍሪካን በብስክሌት ያቋረጡ ሰውዬ እያወሩ ነው፣ ትገረሚያለሽ!» ብላ እጄን ጎተተችኝ። ዛፎቹ ሥር ወጣቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሃል ላይ፣ ጸጉሩ የነጣ፣ ሄልሜት ያደረገ፣ በዚያ ዕድሜው ጭኑ ላይ የተጣበቀ አጭር ቁምጣ የለበሰ ሽማግሌ ቆሟል። ቁምጣው ብቻውን ለንቀት ይበቃ ነበር። አሜሪካኖቹ ዛሬም ከፓሲፊክ ይነሣሉ፤ አውስትራሊያ ላይ ዛሬም ዛፍ የለም። አንዱ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ኦነስትሊ ከሁሉ የከበደዎት ምኑ ነው? በረሃው?» አለው። ግርማ ትንሽ አሰበና፣ «መመለሻው» አለ። ይህን ብሎ ቀና ሲል አየኝ። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ።

«ማዘር፣ ያውቋቸዋል እንዴ?» አለችኝ አንዲቱ ልጅ።

እማማ ወርቄ የሉም፤ ከእንግዲህ ለማን ብዬ ዝም እላለሁ? የደብረ ብርሃኑ ፊት ነበር ፊቱ፤ ብርድ ልብሱ ብቻ ጎደለው። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ሐሜት ምላሴ ላይ መጥቶ ቆመ።

«በደንብ ነዋ» አልኩ። «ሲነሡ ጎማቸውን የነከርንላቸው እኛ ነን።» ልጆቹ አጨበጨቡ። ይኸው፣ እኔም እንደ እማማ ወርቄ ሳልዋሽ ቀረሁ።

ልጆቹ ወደ ብስክሌታቸው ሲበታተኑ አጠገቤ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፣ አልጠየቀኝምም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስኒ፣ እማዬ ጠርሙሷን ላንቺ ሰጥታሽ ነበር አሉ» አለኝ። «እነዚህ ልጆች ኤግዚቢሽን ነገር ሊያዘጋጁልኝ ነው። ውኃው አለ?»

«የለም።»

«ደፋሽው?»

«ሽሮ ሠራሁበት።»

እውነቴን ነበር፤ እማማ ወርቄን በቀበርን ሳምንት ሽሮ ጥጄ ጨው አልቆብኝ፣ ሱቅ መሄድ ሰልችቶኝ ያደረግሁት ነው። ግርማ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «በዛበት?» አለኝ።

«ልክ ነበር።»

ሳቀ። ሄልሜቱ ዓይኑ ላይ እስኪወርድ፣ ዛፉን እስኪደገፍ፣ እንባው እስኪወርድ በራሱ ላይ ሳቀ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸው ሳቅ ይኸው ነበር፤ ማንንም አልገደለም። ይህን ሳቅ ያኔ አክስቱ ደጃፍ ላይ ቢስቅልኝ ኖሮ፣ በዚያው ቀን አብሬው ላምበረት እወርድ፣ በሳምንቱም አገባው ነበር። ተናደድኩበት። ከናቅሁት ጊዜ ይልቅ አሁን ተናደድኩበት። ትቼው ወደ መኪናው ሄድኩ።

«እማዬ፣ ምን ብለሻቸው ነው እንደዚያ የሳቁት?» አለችኝ ሜላት።

«ስለ ሽሮ ነው» አልኳት። «ንጂ፣ እንሂድ።»